ሐኪሞችን ያሸነፍሁበት ዓመት

ሕመሜን መጀመሪያ ያወቀችው አንዲት የጤፍ ደንበኛዬ ናት። እኔ ያወቅሁት ከሷ በኋላ ነው፤ ያመንሁት ደግሞ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ይህን የምጽፈው ባወቅሁበትና ባመንሁበት መካከል ስላለፈው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳያባክነው።

ቢቸና ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ዱቄቱ ከወፍጮው አፍ ሲወርድ ቆንጠር አድርጌ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሸዋለሁ። ልም ከሆነ እተወዋለሁ፤ ከሻከረ ድንጋዩን አጠባብቀዋለሁ። ለዚህ ሥራ ከሁለት ጣት ሌላ መሣሪያ የለም። ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ታዲያ ይህቺ ደንበኛዬ ያስፈጨችውን ጤፍ በአህያ ጭና መለሰችው። «ጋሼ አስማረ፣ ዱቄት ነው ያልሁህ፤ ቅንጬ መች አልሁህ?» አለችኝ። አሸሁት። ለኔ ጣት እንደ ሐር ልስልስ ነው። ወንፊትሽ ነው የተበላሸው ብዬ አሳፍሬ መለስኋት። በሳምንቱ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያም ሌላዋ። ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ብዬ ወፍጮውን አስወቀርሁ። ምንም ለውጥ አልመጣም።

አንድ ቀን ቀኝ እጄን የሞተር ዘይት ነክቶት ስለነበር በግራዬ አሸሁ። ዱቄቱ አሸዋ ነው። ቀኜን ጠርጌ ሞከርሁ፤ ሐር። ደግሜ በግራዬ፤ አሸዋ። ወፍጮው እየጮኸ እዚያው ደርቄ ቆምሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራ እጄ ማሸት ጀመርሁና ነገሩ ተፈታ አልሁ።

ለምን ዝም እንዳልሁ እንዲገባችሁ ከወፍጮ በፊት ምን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ከከተማ ከተማ እየዞረ የትግል ትርኢት በሚያሳይ ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በልጅነቴ በበዓል ሜዳ የሚጥለኝ ሰው ስላልነበረ ነው የመረጡኝ። ከሞጣ ደግሞ ምናለ የሚባል ልጅ መረጡ፤ ሁለታችንን አጣመሩን። ትርኢት ነውና ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይወሰናል። ሕዝቡ ይህን አያውቅም፤ እኛም እንዳንናገር ምለናል። ጥበቡ ያለው አወዳደቁ ላይ ነው። ያላመመንን አመመን እያልን እንጮኻለን፤ ያመመንን ግን እንደብቃለን። ሥራ አስኪያጁ «በእግርህ ገብተህ በእግርህ ውጣ» ይል ነበር። አጥንቱ ተሰብሮ ለሕዝቡ እየሳቀ የወጣ ጓደኛ ነበረን።

የተጎዳን እጅ የምንደብቅበት ዘዴም ተምረናል። ክርንህን ከጎንህ ታጣብቃለህ፣ የሰውየውን ጣቶች በመዳፍህ ሥር ትቆልፋለህ፣ ከዚያ በጣትህ ሳይሆን በክንድህና በደረትህ ክብደት ትጫነዋለህ። ዓይኑን እያየህ ፈገግ ማለት ነው የቀረው። የተጨበጠው ሰው ብረት የያዘው ይመስለዋል። ይህን ዘዴ ሙያ ብዬ የኮራሁበትን ያህል በምንም አልኮራሁም፤ ሊገድለኝ የነበረውም እሱ ነው።

ከድርጅቱ የወጣሁት በጠብ ነው። ካስማ የምንለው አዲስ አጣጣል መጥቶ ነበር፤ ሰውን ገልብጦ እንደ ድንኳን ካስማ በአናቱ መትከል ማለት ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ፍራሹ ሳስቶ በነበረበት ቀን ምናለ በዚህ ጣለኝ። እስከ አሥር የሚቆጠር ያህል ክንዶቼ የኔ አልነበሩም። ከዚያ ተመለሱልኝና በእግሬ ወጣሁ፤ ተጨበጨበልኝ። በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ራጅ አስነሥቶኝ፣ ንጹሕ ነህ፣ ድንጋጤ ነው አለኝ። በቀሩት ሦስት ትርኢቶች ምናለ እንደ እንቁላል እያነሣ መሬት ላይ ያስቀምጠኝ ጀመር። ሕዝቡ ሳቀብኝ። ዕረፍት ብጠይቅ ፈሪ ተባልሁ። ሁለቱ ተመካክረው እያዋረዱ ሊያስወጡኝ ነው አልሁና ልብሴን ጥዬ ሄድሁ። ድርጅቱም በኋላ ተዘጋ። እኔ ግን ከሥራ አስኪያጁም ከምናለም ጋር አሥራ አንድ ዓመት ቃል ሳልለዋወጥ ኖርሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያው ክሊኒክ የተቀመጥሁት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ አይታ እየጎተተች ወሰደችኝ። የነርቭ ነው ተባለና የቫይታሚን መርፌ ታዘዘልኝ። አልተሻለኝም። ሁለተኛው ክሊኒክ ደሜን መርምሮ ታይፎይድ አለኝ። በኛ አገር ታይፎይድ ያልተባለ በሽተኛ ካለ እስካሁን አልታየም ማለት ነው። መድኃኒቱን ጨረስሁ፤ ግራ እጄም መደንዘዝ ጀመረ። በሦስተኛው ቦታ ስኳሬን ለኩ፤ ደኅና ነው። ሪህ ይሆናል አሉኝ።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። ሁለቱ «እስቲ ጨብጠኝ» ብለውኛል። እኔም ክርኔን አጣብቄ፣ ጣታቸውን ቆልፌ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ጨበጥኋቸው። አንደኛው እጁን እያራገፈ «ጉልበትህ ሙሉ ነው፤ ከኔ ትሻላለህ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሳላስበው ነው ያደረግሁት ብል ውሸት ይሆናል፤ አውቄ ነው ብልም ውሸት ነው። ሰው ሲያየኝ ሰውነቴ ራሱ ቀጥ ይላል።

ሦስተኛው ዘንድ ግን ጥሩወርቅ አብራኝ ገብታ ነበር። ቤት ደረስን። ደጃፉን ከዘጋች በኋላ ነው የጠየቀችኝ።

«ትናንት ሽሮ ያለበትን ሰሃን ከእጅህ የጣልኸው አንተ አይደለህም?»

«አንሸራቶኝ ነው።»

«ዛሬ ደግሞ የሐኪሙን እጅ ልትሰብር ደረስህ። ሐኪም ቤት የሄድኸው ልትታከም ነው ወይስ ልታሸንፍ?»

ተቆጣሁ። ሴት ልጅ የጉልበትን ነገር ምን ታውቃለች ብዬ ጮህሁባት። ለብቻዋ መብላት ጀመረች። ከወፍጮ ቤቱ የምናገኘው ሁሉ በሕክምና ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ እግሬ ተከተለ። ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሰው ጠርቶ እስኪነግረኝ አላውቀውም። ጉልበቴ እንጨት ሆነ፤ ስራመድ እግሬን አንሥቼ የማስቀምጥ ሳይሆን የምጎትት ሆንሁ። አንድ ረፋድ ወፍጮው እየሠራ ተደናቀፍሁና ወፍጮውን ወደሚያዞረው የሞተር ቀበቶ፣ ወደ ቺንጋው ወደቅሁ። ጥሩወርቅ ከኋላ ኮሌታዬን ባትይዘኝ ኖሮ ክንዴን ይበላው ነበር። ሞተሩን አጥፍታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወረፋ የያዙት ሴቶች እህላቸውን እያነሡ ወጡ።

በሰሙነ ሕማማት የሆነው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ለስግደት ጎንበስ ስል ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ ወገቤ፣ ከዚያም እስከ እግሬ ጥፍር ድረስ ኮረንቲ ወረደብኝ። ቀና ስል ተወኝ። ጎንበስ ስል ደግሞ መጣ። የሠራሁት ኃጢአት ተቆጠረብኝ ብዬ ፈራሁ፤ ፈርቼም ጨምሬ ሰገድሁ። የንስሐ አባቴ አባ ይትባረክ ከሩቅ ሲያዩኝ ቆይተው መጡና ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ለታመመ ስግደት የለበትም። ተቀመጥ።»

«አልታመምሁም አባ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ከሰው ትደብቅ፤ ከእግዚአብሔር ደግሞ ምን ልትደብቅ ነው?» አሉና ግድግዳው ሥር አስቀመጡኝ። በዚያ ሁሉ ምእመን መካከል ብቻዬን መቀመጤ ከሕመሙ የበለጠ አመመኝ።

ከፋሲካ በኋላ ጥሩወርቅ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንሂድ አለች። እዚህ ላይ የኛ የትግል ሰዎች ትልቁ ስሕተት መጣ። እኛ ሐኪም የምናምነው ለሆድ ነው፤ ለአጥንትና ለጅማት ወጌሻ እናምናለን። የተጣመመውን አቅንቶ ሜዳ የሚመልስህ እሱ ነው። ማጅራቴ ነው የያዘኝ፣ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ የሚያዞርልኝ ባገኝ ይለቀኛል አልሁ። ወጌሻ ጠቁሙኝ ብል ሁሉም ሰው ያው አንድ ስም ጠራልኝ። ከቢቸና እስከ ሞጣ የታወቀው ወጌሻ ምናለ ነው።

ከሱ እጅ ሞት ይሻለኛል አልሁ። ጥሩወርቅም «እንግዲያው ምረጥ፤ ሞቱም እየመጣ ነው» አለችኝ። መንገዱ ያን ሰሞን ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ማንኪያ መያዝ አቃተኝ፤ እሷ ታጎርሰኝ ጀመር። መንገድ ተከፈተ በተባለ ጠዋት በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ገባን።

ምናለ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። በሩ ላይ ሲያየኝ ቀለሙ ተለወጠ። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ጥሩወርቅ ማጅራቱን ነው የያዘው፣ እስቲ እየው አለችው። በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና ከኋላዬ ቆመ። ሁለት መዳፎቹ በአንገቴ ግራና ቀኝ ሲያርፉ ዓይኔን ጨፈንሁ። አሁን ያዞረዋል፣ አሁን ይለቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አውራ ጣቱ በአጥንቶቹ ላይ አንድ በአንድ ወረደ። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እጆቹን ከሞቀ ብረት ድስት ላይ እንደሚያነሣ ሰው አነሣቸው።

«ይኼን አልነካም» አለ።

«ያኔ በአናቴ ስትተክለኝ ነካኸው አይደለም?» አልሁት።

ዞሮ ከፊቴ መጣና መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን የነገረኝ ይህ ነው። በማግሥቱ ራጅ ስነሣ እሱ በሩ ላይ ነበር። ፊልሙን ያነበበው ሐኪም ለሥራ አስኪያጁ ሲናገር ሰምቷል፤ ይህ ሰው ከእንግዲህ አንድ ጊዜ በአናቱ ቢወድቅ አበቃለት፣ ትግል ይተው ብሎታል። ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ ምናለን አይቶት፣ ሦስት ትርኢት ነው የቀረን፣ አዳራሾቹ ተይዘዋል፣ ዝም በል አለው።

«ዝም አልሁ» አለ ምናለ። «ሦስቱንም ቀን ቀስ አድርጌ ያስቀመጥሁህ ለዚያ ነው። የቻልሁት ያንን ብቻ ነው። አንተ ስትሰድበኝ፣ ሕዝቡ ሲስቅብህ፣ ዝም አልሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውርደት ነው ብዬ የያዝሁት ነገር ሕይወቴን ያቆየው ኖሯል። ይህን ስሰማ ልቤ የራራ እንዳይመስላችሁ። ተናደድሁ። ቢነግረኝ ኖሮ እተወው ነበር፤ እታከም ነበር። ልመታው ፈለግሁ፤ እጄ ግን አልጨበጥ አለ።

ምናለ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ከግቢው ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ደፍ ላይ ተንበረከከ። በኛ አገር የበደለ ሰው ጥፋቱን ተናግሮ እንዲህ ከተንበረከከ፣ ድንጋዩን ማውረድ ያለበት ተበዳዩ ነው። ካላወረደለት ይቅር አልተባለም።  እኔ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ላብ ከግንባሩ እየወረደ ደፉ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፌ ተነሣሁ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁና ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝሁት።

አልያዝሁትም። ጣቶቼ አልተዘጉም። ድንጋዩ በመዳፎቼ መካከል ተንሸራቶ ከጉልበቱ አጠገብ ወደቀ። ምናለ ድንጋዩን አላየም፤ እጄን ነው ያየው።

«እጅህ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከጥምቀት በኋላ።»

«ለሐኪም አሳይተሃል?»

ጥሩወርቅ ነች የመለሰችው፦ «ለሐኪም ያሳየው ጉልበቱን ነው።»

በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ምናለ ካርቶን ቆርጦ በጥሩወርቅ ነጠላ ጠቅልሎ አንገቴን አሰረው። ይህም አልበቃው ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘው። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እሱ እስትንፋሱን ይይዛል፤ እኔም እይዛለሁ። እግሬ እየሞተ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ፣ መንቀሳቀሳቸውን ግን የማውቀው በዓይኔ ነው። ፍተሻ ላይ ሁሉም ይውረድ ሲባል ምናለ ጭንቅላቴን ሳይለቅ አብሮኝ ወረደ። ሁለት ግዙፍ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ራስ እንደ እንስራ ይዞ፣ በሰልፍ ቆምን። አንዲት ተሳፋሪ ልጅ ሳቀች። ጥሩወርቅም ሳቀች፤ ከስንት ወር በኋላ። እኔ መሳቅ ፈርቼ ነው የተውሁት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለት ቀን ጠበቅን። አንዲት እናት ልጇን አስተኝታበት ከነበረው አግዳሚ ወንበር ልጇን ወደ ጭኗ አንሥታ ለኔ ለቀቀችልኝ። ስሟን ሳልጠይቅ ተጠርታ ገባች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ያገኘናት ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ሁሉንም ከጠየቀችኝ በኋላ ሁለት ጣቷን ዘረጋችና «ጨብጠኝ» አለች። ምን ልበላችሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ድንጋዩን ጥዬ፣ አሁንም ክርኔ ወደ ጎኔ ተጣበቀ።

«ዶክተር፣» አለ ምናለ ከበሩ፣ «ክርኑን ከጎኑ ያላቅቁት።»

ሐኪሟ ክርኔን ይዛ ራቅ አደረገችው። እንደገና ጨብጠኝ አለችኝ። ጣቶቼ በጣቷ ዙሪያ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቁ። እሷ አልደነገጠችም፤ ጻፈች። እኔ ግን አለቀስሁ። አፈርሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከላዬ ላይ ትልቅ ነገር ወረደ።

ኤምአርአይ የሚሉት መሣሪያ ውስጥ አስገቡኝ፤ ሰውነትን ሳይቆርጥ ውስጡን ገልጦ የሚያሳይ ጠባብ ዋሻ ነው። ሐኪሟ ሥዕሉን አሳየችን። ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር ትእዛዝ የሚወስደው ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር የሚሉት፣ ድሮ በተሰበረና ተጣሞ በገጠመ አጥንት መካከል ተቀርቅሯል። ያ አጥንት በነዚያ ዓመታት ቀስ እያለ ሲጫነው ኖሯል። ሦስት ነገር ነገረችኝ፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው። ቀዶ ጥገናው ያጣሁትን ለመመለስ ሳይሆን የቀረኝን ለማቆየት ነው። ከዚህ በላይ ብዘገይ መራመዴ ይቀራል። ማንም ሰው ያንን አንገት ቀጭ አድርጎ ቢያዞረው ኖሮ ከአንገቴ በታች ያለው ሁሉ ወይም ትንፋሼ በዚያው ይሄድ ነበር። ይህን ስትል ምናለ መዳፎቹን ብብቱ ሥር ደበቀ።

«ከወራት በፊት እጅህን ያየ ባለሙያ አልነበረም?» አለችኝ።

«እነሱ አይተዋል። ያላሳየሁ እኔ ነኝ።»

ቀዶ ጥገናው ጠዋት ገብቼ ከሰዓት ነው ያለቀው። ስነቃ አንድ ድምፅ የእግርህን አውራ ጣት አንቀሳቅስ ይለኛል። አንቀሳቀስሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ደግመው አሉኝ። ደግሜ ሞከርሁ። ማንም አይናገርም። ቀና ብዬ እንዳላይ አንገቴ ታስሯል። እንግዲህ አለቀ፣ ከዚህ አልጋ አልነሣም አልሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ የጥሩወርቅን ድምፅ ሰማሁ፤ «ስንት ጊዜ ነው የምታንቀሳቅሰው፤ አየነው እኮ» አለችኝ። ለካ ቆመው ሁሉም የሚያዩት ጣቴን ኖሯል።

ማገገም እንደ ትርኢት አይደለም፤ የሚያጨበጭብ የለም። ጠዋት ጠዋት ሽምብራ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው በሁለት ጣት እለቅማለሁ። የመጀመሪያ ቀን አራት ፍሬ ለቅሜ ደክሞኝ ተኛሁ። የሸሚዜን ቁልፍ ብቻዬን የቆለፍሁት ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ እሱንም አንዱን ዘልዬ። በከዘራ እሄዳለሁ። ምናለ በየሁለት ሳምንቱ ከሞጣ እየመጣ ክንዴንና እግሬን ያሻል፤ አንገቴን አይነካም። ዱቄቱን አሁን የምታሸው ጥሩወርቅ ናት። ደንበኞቼ እንዲህ ያለ ልም ዱቄት ከቢቸና ወፍጮ ወጥቶ አያውቅም ይላሉ፤ ይህን ሲሉ እኔን እያዩ ነው።

ጥቅምት ላይ ምናለ ደወለልኝ። የድሮው ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን እንደገና ሊያቋቁም ነው፤ ከየገጠሩ ወጣቶች እየመረጠ ነው። የድሮዎቹን ፎቶ በማስታወቂያው ላይ ማውጣት ፈልጎ ሊታረቀን ይዞራል። ምናለ ጋ ሄዶ ሳይሳካለት ቀርቷል፤ ወደኔ እየመጣ ነው። ምናለ ሌላ ምንም አላለኝም፤ «የሚልህን ስማው፤ ምን ይዞ እንደመጣ ግን እጁን እየው» ብሎ ዘጋው።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። አንደኛው አባ ይትባረክ ናቸው። ነገሩን ሳያውቁ፣ ከቀድሞ አለቃው ጋር የተጣላ ልጅ አለ፣ ያስታርቁን ተብለው ነው የተጠሩት። በኛ ዘንድ ሽማግሌ አይመለስም፤ የንስሐ አባት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። እንግዳ የመጣባት ጥሩወርቅ ጠላ ቀዳች። ሥራ አስኪያጁ አርጅቷል፤ ድምፁ ለስልሷል። ቤተሰብ ነበርን አለ። ያለፈው አልፏል አለ። ብቻ፣ ለሥርዓቱ ያህል፣ ብሎ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። ጥሩወርቅ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ በድርጅቱ ሥራ ላይ ሳለሁ የደረሰብኝ ጉዳት የለም፣ በፈቃዴ ወጥቼአለሁ፣ ታርቀናል ይላል። ከሥሩ መፈረሚያ አለው።

«ፊልሙን አይተውት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የምን ፊልም?»

«የአንገቴን ራጅ።»

ጠላውን አየ። «ያኔ ሁላችንም ልጆች ነበርን፣ አስማረ» አለ።

«እርስዎስ ልጅ አልነበሩም» አለች ጥሩወርቅ።

ያኔ አንድ ቃል ቢያወጣ፣ አይቼው ነበር ቢል፣ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ከምናለ ጋር የሆነውን ሳስበው ይቅር እለው ነበር ብዬ እፈራለሁ። አላለም። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና በል እጅህን ስጠኝ፣ ይለፍ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እጄን ሰጠሁት። ክርኔን ከጎኔ አራቅሁ። ባለኝ ኃይል ሁሉ ጨበጥሁት። እሱ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ድሮ የሚያውቀውን፣ ራሱ ያስተማረንን ጭበጣ ነው የሚጠብቀው። ጠበቀ፣ ጠበቀና ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ጨብጬዎታለሁ እኮ» አልሁት። «ያለኝ ይኼ ነው።»

እጁን ሳብ አደረገ። አባ ይትባረክ የሁለታችንንም እጅ ሲያዩ ቆይተው ነበርና ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ እርቅ ብለህ ነው የጠራኸን። ድንጋይህ የታለ?»

«አባ፣ ይህ የድርጅት ጉዳይ ነው፤ እኔ በግሌ...»

«ድርጅት ማጅራት የለውማ» አሉ አባ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱለትና መቋሚያቸውን አንሥተው ተነሡ። «ተሸክመህ የመጣህ ቀን ጥራን፤ እንመጣለን።»

እስካሁን አልጠራቸውም፤ አልታረቅንም። ወጣት መምረጡን ግን አላቆመም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከዚያ ከሚመረጡት ልጆች አንዱ ቢያነበው ብዬ እመኛለሁ። ሲጥሉህ ክንድህ ለአፍታም ቢሆን ካንተ ከተለየ፣ በእግርህ አትውጣ፤ ተሸክመው ያውጡህ። ራጅ ካነሡህ ፊልሙን ራስህ ያዝ፤ ሌላ ሐኪም ያንብብልህ። አንገትህን በወጌሻ አታዙር፤ ጥሩ ወጌሻ ራሱ እምቢ ይልሃል።

ትግል ለማታውቁ ለሌሎቻችሁም ያው ነው። እኔ በዚያ ዓመት ሁለት ሐኪሞችን በጭበጣ አሸንፌአለሁ፤ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች እስካሁን አልተመለሱም። ሐኪም «ጨብጠኝ» ሲላችሁ ያላችሁን ያህል ብቻ ጨብጡ።